ከመኪና ኮርኒስ የወጣ ስፒል

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተወጋችው ታላቅ እህቴ ነበረች፤ አልረሳም ብዬ ቂሙን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ።

እህቴ ካርቱም፣ ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ አንዲት ሴትዮ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ሴትዮዋ ሻርፗን የምታስይዝበት፣ ጫፉ ላይ ጨረቃ ያለበት የወርቅ ስፒል ጠፋ። መጠየቅም መፈተሽም አላስፈለጋትም፤ «ሐበሻዋ ሰረቀችኝ» ብላ ከነሻንጣዋ በር ላይ ጣለቻት። ወሬው ከእህቴ ቀድሞ ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈራችን ዴም ደረሰ። ሥራ ያፈላልጉላት የነበሩት የወሎ ሴቶች ሳይቀሩ ሸሿት፤ ሌባ የተባለችን ሴት ማን ቤት ያስገቧታል? በተከራየችበት ግቢ ብቅ ስትል ጎረቤቶቿ ያሰጡትን ልብስ ከገመድ ላይ ይሰበስባሉ። ያን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

እኔ የምሠራው የመኪና ወንበርና ኮርኒስ የሚለበጥበት ጋራዥ ውስጥ ነበር። አንድ ጠዋት የሴትዮዋ ነጭ መኪና ገባች። ዐርብ ዐርብ እህቴን ስጠብቅ መኪናዋ በሴትዮዋ በር ላይ ቆማ አይቻት ስለነበር ወዲያው ለየኋት። ሴትዮዋ ግን እኔን አላወቀችኝም፤ በር ላይ የሚቆም ሐበሻ ለእሷ ፊት የለውም። የመኪናዋ ኮርኒስ ጨርቅ ከስፖንጁ ተላቆ እንደ ላም ጡት ተንዠርግጓል። የካርቱም ፀሐይ ማስቲሹን ሲያቀልጠው ሰው ያገኘውን ይሰካበታል፤ እሷም እዚህም እዚያም በስፒል ወግታ ይዛዋለች።

መጀመሪያ ያሰብኩት ተንኮል ነው። የበሰበሰውን ስፖንጅ ሳልፍቅ አዲሱን ጨርቅ ብለጥፍበት፣ በመጀመሪያው ሐሩር፣ እየነዳች ሳለ ፊቷ ላይ ይወርድባታል። ሳስበው ደስ አለኝ። የፀሐይ መከላከያዎቹን ፈታሁ፣ መብራቱን አወጣሁ፣ ስፒሎቹን መንቀል ጀመርኩ። ከሹፌሩ ወንበር በላይ ያለውን እጥፋት ስገልጥ ያቺ ጨረቃ ብልጭ አለች።

እጄን ሰበሰብኩ። እኛ ሐበሾች የሰው መኪና ውስጥ ዕቃ ስናገኝ አንነካም፤ ባለቤቱን ጠርተን በራሱ እጅ እናስወጣዋለን። ሌባ መባል እንዴት እንደሚቀል እናውቃለንና። የጋራዡን ባለቤት፣ ሙዓለሙን፣ ጠራሁት። እሷንም ጠራኋት።

«ያ ሲቲ፣ እመቤቴ፣ ይህን ማን ሰካው?» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተገኘ» ብላ ነቀለችው። «እኔው ነኝ። ጨርቁ ዓይኔ ላይ ሲወርድብኝ ከሻርፔ አውጥቼ፣ በዚያው ረሳሁት።» ከዚያ ሳቀች።

«ሰረቀችኝ ያልሻት እህቴ ናት» አልኳት። «አሁኑኑ ዴም ሄደሽ ትነግሪያታለሽ።»

«መኪናዬን ጨርስልኝና፣ ኢንሻአላህ...»

ሙዓለሙ አዲሱን ጨርቅ አጣጠፈና ተቀመጠበት። «ያላ፣ ሂጂ፤ ስትመለሺ ይለጠፋል» አላት።

ኮርኒሱን አውልቄ ጋራዥ ተውኩት፤ በዚያው መኪና በቀትር ወሰደችኝ። ቆርቆሮው አናታችን ላይ ይነድ ነበር። ላቧ ከሻርፗ ሥር ሲንቆረቆር እያየሁ መንገዱ በረዘመ ብዬ ተመኘሁ።

እህቴ ግቢው መካከል ልብስ ታጥባለች። ሴትዮዋ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ማዓሌሽ፣ ይቅርታ፣ ስፒሉ መኪናው ውስጥ ተገኘ» አለቻት። እህቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር።

«ማን ሰካው?»

«እኔ።»

«በማን እጅ?»

«በእጄ።»

ጎረቤቶቿ በየበራቸው ብቅ ብለዋል። እህቴ ወደ ዳሩ ክፍል በአገጯ አሳየቻት።

«ያቺ አልሰማችም። ሂጂና ንገሪያት።»

ሴትዮዋ ሄዳ ተናገረች። እህቴ ሌላ በር አሳየቻት፣ ከዚያም ሌላ። አንድም በር ሳታስቀር ግቢውን አዞረቻት። እኔ ክፉ ነኝ ስል እሷ ባሰች። በመጨረሻ ስፒሉን ከሴትዮዋ እጅ ወስዳ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ከነበረበት መልስላት» አለችኝ።

ጋራዥ ተመለስን። የበሰበሰውን ስፖንጅ አንድ ሳላስቀር ፋቅሁ፤ ጨርቁን ከመሃል ወደ ዳር በመዳፌ እየዳመጥኩ ለጠፍኩት። አሁን እንዲወድቅ አልፈለግሁም፤ ዕድሜ ልኳን እንዲቆይላት ነው የፈለግሁት። ሲደርቅ ስፒሉን ከሹፌሩ ወንበር በላይ፣ አዲሱ ጨርቅ ላይ፣ ሰካሁት።

ሴትዮዋ ገብታ ቀና አለች። እጇን ልትሰድ አለችና ተወችው። ብትነቅለው ቀዳዳው ይታያታል፤ ባትነቅለው ስፒሉ።