በመስኮቱ ላይ የተሰቀለው ደረት

ነገሌ ቦረና፣ በጦሩ ሆስፒታል ራጅ ማንሳት ስማር አስተማሪዬ የነበረው የሃምሳ አለቃ፣ መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነበረውም። የነበረው አንድ የደረት ፊልም ነው። በየጠዋቱ መስኮቱ ላይ ይሰቅለውና፣ "መጀመሪያ ጤነኛውን እወቅ፤ በሽተኛው የትም አይሄድብህም" ይለኛል። እኔም የጎድን አጥንቶቹን ከላይ ወደ ታች እቆጥራለሁ። አንድ ሰው ሳንባው ንጹሕ ስለሆነ ብቻ እንደ ሹም በየቀኑ መጎብኘቱ ያናድደኝ ነበር።

ፊልሙን ያነሳሁት እኔው ነኝ። ልጁ ወታደር ነበር፤ ወደ ዶሎ ከሚወርዱት መኪኖች ጋር ከመሄዱ በፊት ለምርመራ ተልኮ ነው የመጣው። ብረት ሁሉ አውልቅ ስለው ማተቡን አላወልቅም አለ። እዚያ የሚመጡት የደጋ ልጆች ሁሉ እንዲህ ነበሩ፤ መስቀሉን ከደረታቸው ወደ ጀርባቸው ያዞሩና ጨረሩን የሸወዱት ይመስላቸዋል። እሱም ዞር ስል እንደዚያው አደረገ። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ትንሿ መስቀል አከርካሪው አጠገብ ቁጭ ብላለች። የሃምሳ አለቃው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ልጁ መስቀሉን በጥርሱ ነክሶ እንደገና ተነሳ፤ ደህናው ፊልም ወደ ሐኪሙ ሄደ፣ የተበላሸው ለእኔ መማሪያ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ መኪናቸው ዶሎ መንገድ ላይ ተገልብጣ ተቃጠለች። ልጁን እዚያው ቀበሩት። ወሬው በደረሰ ማግስት የሃምሳ አለቃው ፊልሙን እንደ ወትሮው ሰቀለው።

"ይሄማ ሞቷል" አልኩት።

"ፊልሙ ጤነኛ ነው። ቁጠር።"

ቆጠርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ከመስኮቱ ጋር ብቻዬን መቅረት ፈራሁ። የደረት ፊልም ገልብጠው ቢሰቅሉትም ደረት ነው፤ ልጁ ፊቱን ይስጠኝ ጀርባውን አላውቅም። ገበያ ስወጣ እንኳ አላረፍኩም። ሰላም የሚለኝ ሰው ሁሉ ልብሱ ጠፍቶ አጥንቱ ይታየኝ ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም፤ አበደ ብለው ወደ ቀድሞ የጥበቃ ሥራዬ እንዳይመልሱኝ ሰግቼ ነበር።

እናቱ ከወሎ መጡ። መቃብሩ ሩቅ ነው፤ ልጁ የነበረው አንድ ጉርድ ፎቶም ከኪሱ ጋር ተቃጥሏል። የካምፑ ሴቶች ድንኳን ጥለው ለቅሶ ሊያስቀምጧቸው ቢሉ የሚያለቅሱበት ምስል ጠፋ። እናትየው እኛ ጋ ድረስ መጡና፣ "ልጄ እዚህ ተነስቷል አሉኝ" አሉ።

"እማማ፣ ይሄ ፊት የለውም" አልኳቸው።

"ይሁን። ያለውን ስጡኝ።"

የሃምሳ አለቃው የመንግሥት ንብረት ነው ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ከመስኮቱ አውርዶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። መስቀሏን ሲያዩ ጎንበስ ብለው ሳሟት። ማተቡን ያሰሩለት ራሳቸው ነበሩ።

በለቅሶው ቀን ፊልሙን ብርሃን በሚገባበት በድንኳኑ በር በኩል ሰቀሉት። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱበት። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜ ነበር። አንዲት የቦረና ጎረቤት ወደ እኔ ዞረው፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ፣ "ኦንኔውስ፣ ልቡስ የቱ ጋ ነው?" አሉኝ። ሄጄ አሳየሁ። እናትየው ተነስተው መዳፋቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ።

"ይመታ ነበር?"

"ይመታ ነበር፣ እማማ።"

"ምነው ታዲያ ደረቱን እንዲህ ነፋው?"

"ትንፋሽህን ያዝ ብዬው ነው። አለዚያ ምስሉ ይበላሻል።"

"ኋላስ ተንፍስ ብለኸዋል?"

"ብዬዋለሁ።"

እጃቸውን ሳያነሱ ፊልሙን ትኩር ብለው አዩት።

"እዚህ ግን አልተነፈሰም" አሉ።