የዘበኛው ድርሻ

ሙዘይን ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ባለ መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ነው። እዚያ የሚመላለሱ አንድ ቻይናዊ የትራክ ሹፌር አሉ፤ ስማቸውን መጥራት ስላቃተው «ጋሼ» ይላቸዋል። በዚያ ሁሉ የቴክሳስ ሐሩር፣ ቅጠል የሚዋኝበት ትኩስ ውሃ ከፔርሙዝ ይጠጣሉ። ሌላው ሹፌር ለመቅደም ጡሩምባውን ሲያምባርቅ እሳቸው ሁሉንም ያሳልፋሉ። «ታኦ የሚባለው የአገሬ የጥንት የኑሮ ትምህርት እንደዚህ ነው» ይላሉ። «ውሃ አይጋፋም፤ ዝቅ ወዳለው ይሄዳል። ግን ማን አስቁሞት ያውቃል?»

አንድ ቀን የታኦን አጀማመር አወጉት። የጥንቱ መምህር የሰው ነገር ሰልችቷቸው፣ ጎሽ ላይ ተቀምጠው አገር ጥለው ሲወጡ፣ የኬላው ዘበኛ «የሚያውቁትን ሳይጽፉማ አያልፉም!» አላቸው ይባላል። ጽፈው ሰጡት፤ የታኦ መጽሐፍ እሱ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። ሙዘይን ከታሪኩ ሁሉ የወደደው ዘበኛውን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ።

ጋሼ ጡረታ በወጡበት ቀን ሙዘይን መዝገቡን ይዞ ከዘበኛ ቤቱ ዘሎ ወጣ።

«ኦኬ ጋሼ፣ ሳይጽፉማ አያልፉም!»

ሽማግሌው እየሳቁ ትራኩን አቆሙ፣ አንድ መስመር ጽፈው መዝገቡን መለሱለት፣ እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው ሄዱ። ሙዘይን ትራኩ ከዓይኑ እስኪጠፋ እጁን ሲያውለበልብ ቆይቶ መዝገቡን ገለጠ።

«በሩ ክፍት ነበር። የቆምኩት ላንተ ብዬ ነው።»