ጉሬዛዋን ማን ጠየቃት?

ከሚዛን ተፈሪ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሳሁ። የሄድኩት ቴፒ ያለችውን የልጅ ልጄን ምስራቅን ላመጣት ነው። እናቷ ካረፈች ስምንት ወር ሆኗታል። አባቷ ልጄ ታደሰ ቡና እርሻ ሲሠራ ይውላል፤ ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ አያሳድግም ብዬ ቆረጥኩ። ባለቤቴ አስካለም ተስማማች።

ሚኒባሱ ሃያ ብር አስከፈለን። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ሸኮ እስክንደርስ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ሸኮ ላይ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ በላሁ፤ ሦስት ብር። ከዚያ ወዲያ ቡናው ሁሉ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። አጠገቤ የተቀመጠች የኮረሪማ ነጋዴ ጉዳዬን ጠየቀችኝና ነገርኳት። ልጅቱ ታውቃለች ወይ አለችኝ። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ምን ታውቃለች ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ቴፒ፣ አምስት ሰዓት

ሙቀቱ ሌላ ነው። ታደሰ ጉዳዬን ሲሰማ መሬት መሬት አየ። «እርስዎ ካሉ…» አለ። የልጅቱን ቀሚሶች አንድ በአንድ አጥፎ በከረጢት ቋጠረ። አንዷን አውጥቶ እንደገና አጣጠፋትና ከረጢቱን ሰጠኝ።

መሸኛ ለመጠየቅ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የምስራቅ መምህርት የእኛው ጎረቤት የአማን ከተማ ልጅ ናት። ዳይሬክተሩ እስኪመጡ ለልጆቹ አንድ ተረት እንድነግራቸው ለመነችኝ። «ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» አሉ። አባቴ የነገረኝን ነገርኳቸው፦ አንድ ሽማግሌ እናቷ የሞተችባትን የጉሬዛ ግልገል ጫካ ውስጥ አገኘ፤ እንደ ጥጥ ነጭ ነበረች። ቤቱ ወስዶ ሙዝ እያበላ አሳደጋት፤ እሷም ስታመሰግነው ኖረች። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ ብዬ ልቀመጥ ስል መምህርቷ፣

«አሁን ደግሞ ጉሬዛዋ ትንገረን» አለች።

ልማዷ ነው አሉ፤ ልጆቹ የሰሙትን ተረት በሌላው አፍ መልሰው ያወሩታል። እኔ አልወደድኩትም።

«ጉሬዛ አይናገርም» አልኳት።

«ታዲያ ማመስገኗን ማን ነገረዎት፣ አባባ?»

ልጆቹ ሳቁብኝ። አንዱ ብድግ ብሎ፣ እኔ ጉሬዛዋ ነኝ፣ የሽማግሌው ሙዝ ጥሬ ነው፣ ጫማውም ይሸታል አለ። የባሰ ሳቁ። ከዚያ ምስራቅ እጇን አወጣች። ለምን እንደመጣሁ ገና አልነገርኳትም ነበር።

«እኔ ጉሬዛዋ ነኝ» አለች። «ሽማግሌው ደግ ነው። ግን አባቴ ዛፉ ላይ ነበር። ሽማግሌው ቀና ብሎ አላየም።»

የሚስቅ አልነበረም። ዳይሬክተሩ መጡ፤ መሸኛውን ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ከትምህርት በኋላ እያዘገምን ሚዛን መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እኔ ከሌለሁ አባዬ እራት አይበላም» አለች። «ትምህርት ሲዘጋ ከሱ ጋር እንመጣለን።»

ከረጢቱን ለታደሰ መለስኩለት። ቀሚሶቹን ሊሰቅል ገባና ሳይወጣ ቆየ። እኔም አልተከተልኩትም።

ሚዛን፣ በማግስቱ

አስካለ ደጅ ቆማ ከኋላዬ አየች። ልጅቱስ አለችኝ። አላመጣኋትም አልኳት። ተቆጣች፤ ሳያስፈልግ ግትር ትላለህ፣ ሲያስፈልግ ትለሰልሳለህ አለችኝ። የክፍሉን ነገር እንደሆነው ሁሉ ነገርኳት። ይህን ዕድሜ ሁሉ ያቺን ተረት ሳወራ ግልገሏ አባት ይኑራት አይኑራት አስቤ አላውቅም።

አስካለ ቁጭ አለች። ከዚያ፣

«ታደሰስ?» አለችኝ። «ከስቷል?»

ከስቷል አልኳት። ምራታችን ከሞተች ወዲህ ስለ ልጃችን ስናወራ ያ የመጀመሪያችን ነበር።