ደረሰኝ ያለው ምጽዋት

እናቴ ስትቆጣ አትጮህም፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች። የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው፣ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ያለው ሳሎናችን ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ሦስት ጊዜ አስተካከለችው። ያስቆጣኋት እኔው ነኝ።

ነገሩ የአሮጌዋ መኪናዬ ነው። ዲቪ ደርሶኝ በመጣሁበት ዓመት የገዛኋት ናት፤ በዕድሜ ከልጄ ትበልጣለች። ማሞቂያ ሂተሯ ከሞተ ሁለት የበረዶ ዊንተር አልፎታል። የሾፌሩ መስኮት አይወርድም፤ ከመኪና ሳይወርዱ በሚገዛበት ድራይቭ ስሩ ላይ ቡና ስገዛ በሩን ከፍቼ፣ ግማሽ አካሌን አውጥቼ ነበር የምቀበለው። የሞተር ብልሽት የሚያስጠነቅቀው የቼክ ኢንጅን መብራቷ ግን አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም፤ ከእሷ ጤነኛ እሱ ብቻ ነበር። ባለፈው ወር ሌላ መኪና ከገዛን ወዲህ በራችን ላይ በረዶ ለብሳ ቆማለች።

በምሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ የምሳ ሰዓት ላይ ይህን ሳወራ የሥራ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ሽጠህ ምን ልታገኝ? ለበጎ አድራጎት ዶኔት አድርጋትና ከታክስህ ላይ ይቀነስልህ። ግን ዓመቱ ሳያልቅ!» አሉኝ። በምሳ ሰዓት የታክስ ሊቅ ያልሆነ የለም። ከመካከላቸው አንድም ሰው መኪና ሰጥቶ እንደማያውቅ የሰማሁት በኋላ ነው።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። በነሐሴ ልትጠይቀን መጥታ ነበር፤ በየካቲት ትመለሳለች።

«ለማን ነው የምትሰጣት?» አለችኝ።

«ለበጎ አድራጎት ድርጅት። ሸጠው ለድሃ ያውሉታል።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች። ምርቃቱ ከአፏ ሊወጣ ሲል ይህ የማያርፍ ምላሴ ቀደመ።

«ደግሞ ደረሰኝ ይሰጡኛል። በእሱ መንግሥት ታክሱን ይቀንስልኛል።»

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። «ደረሰኝ? ለምጽዋት?»

«አዎ፣ ሕጉ ነው።»

«ቀኝህ የሰጠችውን ግራህ አትወቅ አይደለም እንዴ የተባለው? አንተ ጭራሽ ለመንግሥት ልታሳውቅ!» ነጠላዋን አስተካከለች። «እሱስ ይሁን። ለራስህ ያልሆነችህን፣ ውስጧ ብርድ የሚያንቀጠቅጠውን ነው የምትሰጠው? ለእግዜር አንካሳ በግ ይሰጣል?»

«እማዬ፣ ለእግዜር እኮ አይደለም፣ ለድርጅት ነው» አልኩ። ምነው አፌን በያዘው!

«ዳድ፣ ሺ ጋት ዩ» አለች ልጄ ከስልኳ ላይ ቀና ሳትል፤ ረታችህ ማለቷ ነው።

እናቴ ለሦስተኛ ጊዜ ነጠላዋን ሳበችና ፈረደች። «እኔ ይህን አልመርቅም። ከፈለግህ ደረሰኝህ ይመርቅህ!»

ተናድጄ ወጣሁ። በረዶውን እየጠረግኩ ብቻዬን አጉረመረምኩ። ንዴቴ ሲበርድ ግን ፈራሁ። ከአገር ስወጣ ኤርፖርት በር ላይ ቆማ ስትመርቀኝ በረራው ሊያመልጠኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ የምበላው ያንን ምርቃት ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን ጉልበቷ ደክሟል። ያን ሁሉ ሰዓት በርራ ዳግመኛ እንደማትመጣ እሷም እኔም እናውቃለን፤ ደፍረን አላወራነውም እንጂ። ሳትመርቀኝ ብትሄድብኝስ?

«አሠራታ» አለችኝ ሚስቴ። «ጤነኛ በግ አድርጋት።»

በማግስቱ ሞርስ ሮድ ላይ ወዳለ ያገራችን ልጅ መካኒክ ወሰድኳት።

«ልትሸጣት ነው?» አለኝ።

«ልሰጣት ነው።»

«ታዲያ ምን ያሠራሃል?»

«እናት አለችኝ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ሂተሩንም መስኮቱንም ሠራልኝ፣ የቼክ ኢንጅኑ መብራትም ጠፋ። ስነዳት ሞቀችኝ፤ ልሰጣት ትንሽ ሳሳሁ።

ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ድርጅቱ የላከው የሚጎትታት መኪና መጣ። ሾፌሩ ቀይ ጢም ያለው ግዙፍ ፈረንጅ ነው። እናቴ በነጠላዋ ላይ የእኔን ጃኬት ደርባ ወጣችና «ቆይ» አለች። ሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሂተሩን አስከፈተችኝ፣ መስኮቱን ራሷ አውርዳ ራሷ ዘጋችው። ከዚያ ቤት ገብታ በዚያች መኪና ስትሄድ እግሯ ላይ የምትጥለውን ብርድ ልብስ አጥፋ አመጣችና የኋላ ወንበር ላይ አኖረችው። «ባዶዋን አትሂድ» አለች።

ፈረንጁን መረቀችው። ምን እንደምትል ባይገባውም ኮፍያውን አውልቆ እስክትጨርስ ቆመ። መኪናዋንም መረቀቻት። እኔን ግን ዘለለችኝ! ሰውየው ደረሰኙን ሲሰጠኝና ኪሴ ስከተው በደንብ አይታለች። «እሱን ይዘሃል አይደል?» ብላኝ ገባች። ከሚስቴ ጋር እየሳቀች እራት ሠራች፣ እኔንም በደንብ አጎረሰችኝ፣ ስለ ምርቃት ግን ትንፍሽ አላለችም።

በጥር መጨረሻ የታክስ ወረቀቴን ይዤ ሞርስ ሮድ ላይ ታክስ ወደሚሞላልኝ ያገሬ ልጅ ቢሮ ሄድኩ። እናቴም አብራኝ ነበረች፤ ለጉዞዋ ሻንጣ ልንገዛ ወጥተን ነው። ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ በኩራት ዘረጋሁት። ወጣቱ አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ይቺን ምን ላድርጋት?»

«ቀንስልኛ!»

«እርስዎ ለሁሉም ሰው እኩል የሚቀነሰውን ነው የሚወስዱት። ይቺ የምትጠቅመው ስጦታውን፣ የቤት ዕዳ ወለዱን፣ ሌላውንም ደምሮ ከዚያ ለሚበልጥለት ሰው ነው። እርስዎ ደግሞ ተከራይ ነዎት። ምንም አትጨምርልዎትም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

ደሜ ፈላ። የምሳ ሰዓት ሊቆቹ አንድ በአንድ ዓይኔ ላይ መጡ።

«ምን አለህ?» አለች እናቴ ከወረፋው ወንበር ላይ።

«ደረሰኙ አይሠራም አለኝ።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ!»

ተነሣች። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እያያት «እልልልል!» ብላ አቀለጠችው። ወጣቱ ደንግጦ ከወንበሩ ተነሣ።

«አሁን ሰጠህ!» አለችኝ። «ና፣ ጎንበስ በል።»

ጎንበስ አልኩ። ሁለት እጇን ራሴ ላይ ጫነች። «የሰጠ እጅህ አይንጠፍ። መውጫ መግቢያህን ይጠብቅልህ። ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። እኔ ባልኖርም የሚያስብልህ አይጥፋ።» ወረፋ ላይ ያሉት ያገሬ ሰዎች አሜን፣ አሜን ይላሉ። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፤ እንባዬ ወለሉ ላይ ጠብ አለ፣ አላፈርኩም።

የበረራዋ ዕለት ፓስፖርቷን ልፈትሽ ቦርሳዋን ስከፍት ያ ደረሰኝ በአራት ታጥፎ ገጾቹ መካከል ተቀምጧል።

«ይህን ምን ያደርግልሻል?»

«ልጄ የሰጠውን ለጎረቤት ላሳይ ነዋ!»

«ቀኝህ የሰጠችውን ግራህ አትወቅ አላልሽኝም?»

ፓስፖርቱን ከእጄ ወሰደችና ቦርሳዋን ዘጋች። «እኔ ግራህ ነኝ እንዴ? እናትህ ነኝ» አለችኝ።