ካንዴላው በእናቴ መቀነት

ሰንሰለት መሬት ለመሬት ሲጎተት በሰማሁ ቁጥር፣ ከሮቢት ወጣ ብሎ ያለው የልጅነት ግቢያችን ይመጣብኛል። አባቴ የከብት ሐኪም ነበር፤ በየቀበሌው የሚዞረው መሥሪያ ቤቱ በሰጠው ሞተር ስለነበር፣ ቤት ሲገባ እኛን ሰላም ከማለቱ በፊት የሞተሯን የፊት ጎማ ከኒሙ ዛፍ ጋር በሰንሰለት ጠፍንጎ፣ ጓጉንቸሩን ሦስት ጊዜ ስቦ ይፈትሽ ነበር።

በክረምት፣ ጎርፉ መንገዱን ሲቆርጠውና ሞተሯ ለቀናት ስትቆም፣ ጎረቤታችን አያ ታደሰ ብቅ እያለ ይዞራት ነበር። በውሃ ፓምፕ ሽንኩርት የሚያለማ፣ የሞተር ነገር የማይጠግብ ሰው ነበር። አንድ ቀን «ሰይዴ፣ ይቺ ያለ ቁልፍ አትነሳም?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ ስቆ አለፈው፤ ሰውየው ሲወጣ ግን «ይኼን ምን አስጠየቀው?» አለ።

ማሽላው ሲታጨድ የአንድ ባልደረባው ሞተር ጎብዬ ገበያ ላይ ከነሰንሰለቱ ተሰረቀች። ከዚያ ወዲያ አባቴ ሞተሯን ባቆመ ቁጥር ካንዴላዋን እየነቀለ ለእናቴ ይሰጣት ጀመር። ያቺ ጣት የምታክል ዕቃ ከሌለች ሞተሯ እሳት አታገኝም። እናቴም መቀነቷ ውስጥ ቋጥራት እየዋለች፣ «ከእኔ ይልቅ የሚሳሳው ለእሷ ነው» ብላ ታሾፍበት ነበር። እኔ ግን አያ ታደሰ በመጣ ቁጥር እጁን እከታተል ነበር፤ አባቴ የጠረጠረው ሁሉ ሌባ ይመስለኝ ነበር።

በጋው ገብቶ ምድሩ በሚፋጅበት በአንድ የገበያ ቀን፣ እናቴ ቆቦ ሄዳ ሳለ፣ የአራት ዓመቱ ወንድሜ ጀማል ድንጋይ ሲፈነቅል ጊንጥ ነደፈው። መጀመሪያ ጮኸ፤ ከዚያ ጩኸቱን ተወና ምራቁ ይዝረበረብ፣ ላብ ያጠምቀው፣ ትንፋሹም ይቆራረጥ ጀመር። አባቴ ሰንሰለቱን በጥድፊያ ፈትቶ፣ ሞተሯ ላይ ወጥቶ መርገጫዋን ረገጠ። ደገመ። ከዚያ እግሩ ባለበት ቀረ። ካንዴላው ከእናቴ ጋር ቆቦ ወርዷል።

«ያ አላህ! ምን ሠራሁ?» አለ። አባቴን እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም ነበር። ስልክ በየኪሱ ያልነበረበት ጊዜ ነው፤ አስፋልቱም ልጅ ታቅፎ በእግር ለሚሄድ ሩቅ ነበር። «ሩጪ፣ ሰው ጥሪ!» አለኝ።

ቅርብ ያለው ሰው አያ ታደሰ ብቻ ነበር። ሽንኩርቱን ሲያጠጣ ደረስኩበትና እያለከለክሁ «ጀማልን ጊንጥ ነደፈው! ሞተሯ ካንዴላ የላትም!» አልኩት። ለምን እንደሌላት አልጠየቀኝም። ፓምፑን አጥፍቶ፣ የጋለውን ካንዴላ በመፍቻ ነቅሎ በጋቢው ጫፍ ያዘና ቀድሞኝ ሮጠ።

«ይገጥማል?» አለ አባቴ።

«እኔ እንጃ፤ እንሞክረው።»

አያ ታደሰ ራሱ እያዞረ አጠበቀው። ገጠመ። በሦስተኛው ሲረግጣት ተነሳች፤ አባቴ ወደ ጤና ጣቢያ ነዳ፣ አያ ታደሰ ጀማልን አቅፎ ከኋላው ተቀመጠ፣ እኔም አቧራው ውስጥ ቆሜ ዱዓ አደርግ ጀመር።

ጀማል ዳነ። በማግስቱ አባቴ አንገቱን ደፍቶ «አያ ታደሰ፣ እኔ እኮ አንተን...» ማለት ሲጀምር፣ «ተወው ሰይዴ፣ ልጁ ተርፏል» ብሎ አቋረጠው። መጠርጠሩን ያውቅ ኖሯል።

ዛሬ ቆቦ ከተማ እኖራለሁ፤ እኔም ለሥራዬ ሞተር እነዳለሁ። የእኔዋ ሰው ሲነካት ትጮሃለች፣ መሪዋም ጎማዋም ይቆለፋል፤ አባቴ ቢያያት ይቀና ነበር። በቀደም አጥር የሚያዋስነኝን ሰው በራፌ ላይ ቆሞ ሞተሯን ሲያያት አገኘሁትና፣ ሰላም እንኳ ሳልለው ቁልፎቹን ፈትሼ ገባሁ። ትንሽ ልጅ አለችኝ። አንድ ነገር ብትሆንብኝ በአጥሩ ላይ ማን ብዬ እንደምጣራ አላውቅም፤ የሰውየውን ስም ጠይቄው አላውቅም።