የአጎበሩ ገመድ

የመስኡዳን ግራ ጆሮ ያየ ሰው በሰፈሩ የለም። ሌላው ሰው ጌጡን ይደብቃል፤ እርሷ ጆሮዋን። ሻሿን በግራ በኩል እስከ ማጅራቷ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፤ በቀኝ በኩል ግን የብር ጉትቻዋ እንዲታይ ላላ ታደርገዋለች። ልጇ ሀኒያ በልጅነቷ ምን ሆኖ ነው ብላ ጠይቃት ነበር። ጉትቻ ቀደደው አለቻት፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

እውነቱ ሌላ ነው። መስኡዳ አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላት፣ ሐይቁ ዳር በነበረችው የሣር ቤት፣ እናቷ አናቷን ቅቤ ቀብታ አስተኝታት ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ስትመለስ ልጅቷ ደም በደም ሆናለች። የግራ ጆሮዋን ጫፍ አይጥ በልቶታል። እናቲቱ ይህን ለአንድም ሰው አልተናገረችም። ልጇን አይጥ በላባት ከመባል ሞት ይሻላል የሚባልበት አገር ነው። ልትሞት ስትል ብቻ የመስኡዳን እጅ ይዛ ሁሉንም ነገረቻትና "አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አለቻት። መስኡዳ አውፍ አለቻት፤ ጆሮዋን ግን እንደሸፈነች ቀረች።

እንግዲህ የመጀመሪያ ልጅ የሚታረሰው በእናት ቤት ነውና፣ ሀኒያ ለመውለድ ሁለት ወር ሲቀራት እመጣለሁ ብላ ደወለች። በዚያው ሳምንት መስኡዳ ከኮርኒሱ ላይ ኮሽታ ሰማች። ኮርኒስ ይባል እንጂ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረ ነው፤ የሚሄድበትን እግር ዳና ከሥር ሆኖ ማየት ይቻላል። ባሏ እንድሪስ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ከሐይቁ ደክሞ ስለሚመለስ መድፍ ቢተኮስም አይሰማ። ወፍ ትሆናለች አላት። መስኡዳ ግን ወፍ እየሮጠች ቆም፣ እየሮጠች ቆም እንደማትል ታውቃለች።

በማግስቱ መሰላል ደግፋ፣ የስልኳን መብራት አብርታ ወጣች። ጣራውን የያዘው ወራጅ እንጨት ላይ ጥቁር ቅባት የመሰለ መስመር አለ። አይጥ አንዴ የለመደችውን መንገድ ስለማትለውጥ፣ ስትመላለስ ገላዋ የተወው እድፍ ነው። መስመሩን ተከትላ ብትሄድ ጓሮ ካለው ማንጎ አደረሳት፤ አንዱ ቅርንጫፍ ቆርቆሮው ላይ ተኝቷል። የጣራ አይጥ መሬት መርገጥ አትወድም። ከዛፍ ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ወደ ወራጅ ነው ጉዞዋ፤ ድመት ምድር ለምድር ስትጠብቃት እርሷ በሰማይ ታልፋለች።

እንድሪስ ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ አይቆረጥም ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ፤ በሦስተኛው ቆረጠው። መስኡዳ አውራ ጣት የሚያስገባውን ቀዳዳ ሁሉ በቆርቆሮ ቁራጭና በጭቃ ደፈነች። መርዝ ግዢ ስትባል ግን እምቢ አለች። አይጥ ያገኘችውን ጎትታ ትወስዳለች፤ መርዙን ከየትኛው ዕቃ ላይ እንደምትጥለው አላህ ነው የሚያውቅ።

ወጥመዱን ከጎረቤቷ ከባንቺአየሁ ተዋሰች፤ ለማሳው ነው ብላ። ባንቺአየሁ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሰጠቻት። ሦስት ቀን ተጠምዶ አንድም አልያዘ። በአራተኛው ቀን ባንቺአየሁ ራሷ መጣችና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አይጥ አዲስ ዕቃ ስታይ እንደምትሸሽ፣ ስለዚህ ወጥመዱን ሳታጠምድ ለውዝ ብቻ እያደረገች ጥቂት ቀን እንድታስለምዳት ነገረቻት።

"ማሳ ላይም እንደዚያው ነው" አለችና ወጣች። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ መስኡዳ" አለቻት።

መስኡዳ ያልሰማች መሰለች። ምክሩን ግን ሠራችበት፤ በሁለት ሳምንት አምስት ያዘች። ከዚያ ኮርኒሱ ጸጥ አለ። ሀኒያም መጣች፤ ከተማ ካለው ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላግላ ሴት ልጅ ታቅፋ ተመለሰች። መስኡዳ የልጅቱን ሁለት ጆሮዎች እያገላበጠች አየችና አለቀሰች። የደስታ ነው ብለው ተዉአት።

በሦስተኛው ቀን የሀኒያ አማት አሪፋ ከአርዲቦ በኩል መጣች። ለልጅ ልጇ ትንሽ የወርቅ ሎቲ፣ ቅል ሙሉ ደግሞ ለጋ ቅቤ ይዛለች። ገና ሳትቀመጥ የልጅቱን አናት በቅቤ አራሰችው። መስኡዳ አይሆንም ብትል ለምን ይመጣል፤ የለምን መልስ ደግሞ ሻሿ ሥር ነው ያለው። ቤቴ አይጥ ነበረበት ብሎ ለልጅ አማት መናገር ከየት ይመጣል? ዝም አለች። ቅቤው በየቀኑ ጠዋትና ማታ ተቀባ።

ዝም ብላ ግን አልተቀመጠችም። የጤና ኤክስቴንሽኗ ለወባ የሰጠቻትን አጎበር አወጣች፤ ገመዱን በኮርኒሱ አሳልፋ ወራጁ ላይ አስራ፣ ጠርዙን ፍራሹ ሥር ዙሪያውን ሸጎጠችና እፎይ አለች። ያን ሁሉ የአይጥ መንገድ ስታጠና ከርማ፣ ከጣራው እስከ ሕፃኗ አናት አዲስ መንገድ የዘረጋችው ራሷ መሆኗን አላሰበችም። ከወጥመዱም አንዲት ብልጥ ተርፋ ነበር።

የስድስተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ ነው። ነገ አቂቃው፣ ለልጅቱ በሰባተኛ ቀኗ የሚታረድበት ድግስ፣ ስለሆነ አሪፋ ጓሮ ሥጋ የሚቀቀልበትን ጉልቻ ታደላድላለች። ሀኒያ ልትታጠብ ወጣች፤ የአጎበሩን ጠርዝ መልሳ ሳትሸጉጠው። መስኡዳ አልጋው አጠገብ መስገጃዋን ዘርግታ ለሶላት ቆመች። በሁለተኛው ረከዓ ከላይ ኮሽ አለ። ሶላቷን ቆርጣ አታውቅም። ቀጠለች። ኮሽታው ቆም አለ፤ ደግሞ መጣ፤ ልክ ከአልጋው በላይ ሲደርስ ቀረ።

ግንባሯን ከምድር አንስታ ከሱጁድ ቀና ስትል ዓይኗ ከመስገጃው ላይ ወጣ። ከረጢቱ በወራጁ ጥግ ተቀዷል፤ ከቅዳዱ ውስጥ አይጧ ቁልቁል ተዘቅዝቃ፣ ጭራዋን ገመዱ ላይ ጠምጥማ ትወርዳለች። አትቸኩልም። አጎበሩ አናት ላይ ደርሳ አየሩን አሸተተች። ከዚያ ጨርቁን እየቧጠጠች በጎኑ ወረደችና ሀኒያ የተወችውን ክፍተት አገኘች። ሕፃኗ ቅቤ የጠጣው አናቷ እያብረቀረቀ፣ ግራ ጆሮዋን ወደ ላይ አድርጋ ተኝታለች።

መስኡዳ ሶላቷን ቆረጠች። ዱላ ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም። እጇ በራሷ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ሻሹን ከነመሸፈኛው ገፈፈና አይጧ ላይ ወረወረው፤ በላዩ ላይ ወደቀችበት። በጨርቁ ውስጥ ስትፍጨረጨር አውራ ጣቷን ነከሰቻት፤ መስኡዳ ግን አልለቀቀቻትም። ጠቅልላ ካነሳቻት በኋላ ከምሰሶው ጋር እስክትበርድ ድረስ አጋጨቻት።

ሀኒያና አሪፋ ሮጠው ሲገቡ መስኡዳ ራሷን ተገላልጣ፣ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ጣቷ እየደማ ቆማለች። አይጧ መሬት ላይ ናት። ሁለቱም ግን ያዩት አይጧን አልነበረም።

"እማ፣ ጆሮሽ..." አለች ሀኒያ።

"ጉትቻ አይደለም የቀደደው። አይጥ ነው የበላኝ። እናቴ ቅቤ ቀብታኝ ውሃ ወረደች፤ የቅቤው ሽታ አይጧን ጠራት። ይችንም የጠራት እሱ ነው።" ወደ አሪፋ ዞረች። "እትዬ አሪፋ፣ ቅቤው ይቅር። ቤቴ አይጥ ያለበት ነው። ከፈለጉ ለሰው ይንገሩ።"

አሪፋ ሕፃኗን ተቀበለቻት፤ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና አስመጥታ አናቷን አንዴ አጠበች፣ ደግሞ አጠበች፣ አሸተተችና ሦስተኛ አጠበች። ሲበቃት ነው የተናገረችው።

"የኔ ቤት የሌለ መሰለሽ? ወላሂ፣ እኔ ቤት ያለችው ድመት ታባርራለች። ምነው ያን ቀን ብትነግሪኝ? በገዛ እጄ ላስበላት ነበር እኮ" አለችና እርሷም አለቀሰች።

እንድሪስ ከሐይቁ ሲመለስ ተነገረው። ያን ዕለት ስለ ወፍ አላወራም። የወተት ቆርቆሮ ክዳን መሃሉን በስቶ የአጎበሩ ገመድ ላይ አጋማሹ ድረስ አወረደው፤ ከሥሩ ቋጠሮ አደረገለት። አይጥ ብትረግጠው ይዟት ይገለበጣል። ቅዳዱንም በቆርቆሮ መታበት። መስኡዳ በማግስቱ ማለዳ ጣቷን ጤና ጣቢያ አሳይታ መርፌ ተወግታ ተመለሰች።

ለአቂቃው የመጡት ሴቶች ብዙዎቹ ቅቤ ይዘው ነበር። የመጀመሪያዋ ጣቷን ነክራ ወደ ሕፃኗ አናት ስትዘረጋ መስኡዳ እጇን ያዘቻት። ለምን ተባለች። ሀኒያ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት እናቷ በዓይኗ ከለከለቻት፤ ሻሿንም ራሷ ፈታች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የእናቷንም አውፍታ ሳትተው። ስትጨርስ በሩ ጥግ የተቀመጠችው ባንቺአየሁ "ወጥመዱ እኔ ጋ አለ፤ ለማሳ የሚፈልግ ይውሰድ" አለች። ያን ዕለት ሦስት ሴቶች ተራ ያዙ።

ከዚያ ወዲህ መስኡዳ አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ መጀመሪያ የምታየው የአጎበሩን ገመድ ነው። ሕፃኑን ከዚያ በኋላ ነው የምትስመው።