የማትነሳዋ ቮልስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሟች ባለቤታቸውን ቮልስ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለቆመች ሞተሯ አይነሳም፤ ወለሏንም ዝገት በልቶታል።

«እማማ፣ የማስጎተቻና የማሠሪያ ወጪ አለብኝ፤ ትንሽ ይቀንሱልኝ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እሱ ነፍሱን ይማረውና ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥባት ነበር» አሉና ኮፈኗን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት።

ከዚያ ወዲያ መከራከር አልሆነልኝም። ካሰብኩት ጨመርኩ፤ እሳቸውም ከጠሩት ወረዱልኝና ተስማማን።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንድም ቀን መሪዋን ይዤ አላውቅም።»

ነጠላቸውን አደግድገው ገቡና መሪውን ጨበጡ። እኔና ጎረቤቶቻቸው ከኋላ ገፋን። ጥሩንባዋ ስለማይሠራ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ዞር በሉ!» እያሉ ይስቁ ነበር።

የግቢው በር ላይ ስንደርስ «ወደ ኋላ መልሱኝና እንደገና ግፉኝ» አሉን። መለስናቸው።